ደመወዙ ለጸሎተ ሐሙስ ይድረስ

ነገ ሆሳዕና ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሰሙነ ሕማማት ይገባል፣ ዐርብ ስቅለት ይሆናል፣ እሑድ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ፋሲካ ነው። ስቅለትም ትንሣኤም ሕዝባዊ በዓላት ናቸው። በመካከላቸው ያለችው ቀዳም ስዑር ግን በበዓላት ዝርዝር ውስጥ የለችም። በአዲስ አበባ ሳይቶች ቅዳሜዋ የሥራ ቀን ናት፤ ያውም በብዙ ቦታ የክፍያ ቀን። ዐርብ ሙሉ ቀን ሲሰግድ የዋለ፣ ከዚያም አክፍሎት ይዞ እህል ውኃ ያልቀመሰ ሰው፣ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳይት በር ላይ ይገኛል። የሁለት ሳምንት ልፋቱ ዋጋ የሚሰጠው በዚያ ቀን ስለሆነ መቅረት አይችልም። ገንዘቡን የሚቀበለው ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ቀን ከሠራ በኋላ ነው።

ስለ ግንባታ ሠራተኛ ደኅንነት ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ሄልሜትና ወደ ሴፍቲ ጫማ ይሄዳል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግልጽ ደንግጓል። ነገር ግን በበዓል ሰሞን ሰው ከፎቅ የሚወድቅበትንና ጉድጓድ የሚደረመስበትን ምክንያት ወደ ኋላ ተከትለን ብንሄድ፣ ከሄልሜቱ በፊት የሚመጡ ሁለት ነገሮች እናገኛለን። አንዱ ክፍያው የሚወጣበት ቀን ነው፤ ሌላው ሥራው «ይለቅ» የተባለበት ቀን። ሁለቱም የሚወሰኑት ቢሮ ውስጥ፣ በወረቀት ላይ፣ መወጣጫ ላይ በማይወጡ ሰዎች ነው። የበዓል ሰሞን ደኅንነት የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የዚህ ሐተታ ክርክርም ይኸው ነው።

የግንባታ ወቅቱ በጋ ነው። ዝናቡ ካባራበት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ለማልበስ የሚሮጥበት ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚያርፉት ልክ በዚህ ሩጫ መካከል ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሲገባ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገብቷል። አምናም ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ነበር የጀመሩት። ስለዚህ ላይ ሶሌታ ላይ ፌሮ የሚያስረው ሙስሊም፣ ከሥሩ ግድግዳ የሚለስነው ክርስቲያን፣ ሁለቱም ጾመኛ ሆነው የዋሉበት ሳይት ብዙ ነበር።

ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ፀሐይ ላይ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ከሰውነቱ ክብደት 2 በመቶ ያህል ውኃ ያጣ ሰው ደግሞ ሐሳቡን ለመሰብሰብና ፈጥኖ ለመወሰን ይቸገራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 1.2 ሊትር ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ የጀመረ ሰው 6 ሰዓት ሳይሞላ ሊያጣው የሚችል መጠን። እንግዲህ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ አራተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚያሳልፈው አስቡት። ሲያዞረው መሬት ላይ ያለ ሰው ቁጭ ይላል። መወጣጫ ላይ ያለ ሰው ግን ቁጭ የሚልበት የለውም።

ጾሙ የሠራተኛው የእምነት ጉዳይ ነው፤ ማንም ፎርማን «ብላና ውጣ» ሊለው አይገባም። መስተካከል የሚችለው የሥራው ሰዓት ነው። በጾም ሳምንታት ሥራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢጀመር፣ ከፍታ ላይ የሚሠራው ሁሉ ከ6 ሰዓት በፊት ቢያልቅ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መሬት ላይ ለሚሠራው፣ ፌሮ ለመቁረጥ፣ ሚስማር ለመንቀል፣ ዕቃ ለመደርደር ቢውል፣ ሱሑር የበላውም ሆነ ማታ የገደፈው ጉልበቱ ባለበት ሰዓት ከባዱን ሥራ ይጨርሳል። ለዚህ አንድም ተጨማሪ ብር አይወጣም። ነገሩን የገባቸው ፎርማኖች ማንንም ሳያስፈቅዱ ያደርጉታል፤ ችግሩ በፎርማኑ ደግነት ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ የሥራ ሕግ በረመዳን የሙስሊም ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ6፣ በሳምንት ከ36 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። እዚያ በግንባታ የሚሠሩ ወንድሞቻችን፣ በተለይ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው፣ ሕጉ በተግባር ላይደርሳቸው ይችላል። ቢሆንም ሕጉ ጾመኛ ሠራተኛ መኖሩን ዐውቆ ጽፎለታል። የእኛ አዋጅ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ያስቀምጣል፤ ስለ ጾም ወራት የሚለው የለም። እንደ እኛ ጾም በበዛበት አገር ይህ ትልቅ ክፍተት ነው።

ወደ ቀዳም ስዑር ልመለስ። በአንድ ዓመት ገርጂ አካባቢ በሚሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሥር ቆሜ ያየሁት ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የውጭ ግድግዳ የሚለስን ወጣት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የተቀበለውን ቄጠማ በራሱ ዙሪያ አስሯል። የቆመበት መወጣጫ በሚስማር የተመታ አጣና ነው፤ መረማመጃው ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ጣውላዎች። በሌላ ቀን ከታች ሆኖ ሞርታሩን በባልዲ እየሞላ በገመድ የሚልክለት ረዳት አለው። ረዳቱ ግን ለበዓሉ አገሩ ገብቷል። ስለዚህ ልጁ ራሱ ይወርዳል፣ ራሱ ይሞላል፣ ባልዲውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ በሌላው እጁ አጣናውን እየያዘ ይወጣል። ከታች ሥራቸውን የጨረሱ ሠራተኞች ጥላ ሥር ተደርድረው ገንዘብ ያዡን ይጠብቃሉ፤ ባንክ ወረፋ ይዞታል ተብሏል። 6 ሰዓት አለፈ፤ 7 ሰዓትም አለፈ። ልጁ በወጣ ቁጥር ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ከመሬት ይታይ ነበር።

በዚያ ሳይት ክፉ ሰው አልነበረም። ፎርማኑ ራሱ ጾመኛ ነበር፤ የውጭው ልስን ለፋሲካ እንዲያልቅ ከላይ ተነግሮታል። ለሳኙ የሚከፈለው በካሬ ስለሆነ ቆሞ የዋለበት ሰዓት አይታሰብለትም። ባለሕንፃው ምናልባት በግ ሊገዛ ሾላ ገበያ ሄዶ ይሆናል። ሁሉም በየራሱ ቦታ ትክክል ነው ብሎ ያሰበውን ሲያደርግ፣ የሁሉም ውሳኔ ተጠራቅሞ ያረፈው በሁለት ጣውላ ላይ በቆመ አንድ ልጅ ላይ ነው። ክፍያው ሐሙስ ቢወጣ ኖሮ ልጁ ቅዳሜ ዕለት እዚያ አይገኝም ነበር፤ ወይ ዐርፎ ይውል፣ ወይ እንደ ረዳቱ በቀን ተሳፍሮ አገሩ ይገባ ነበር።

መሳፈሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ ከቀትር በኋላ ሲወጣ ሠራተኛው ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አየር ጤና ወይም ወደ ላምበረት መናኸሪያ ሲደርስ አመሻሽ ይሆናል። መደበኛው አውቶቡስ ሞልቶ ሄዷል። የቀረው ከታሪፉ በላይ የሚያስከፍል ሚኒባስ፣ አለዚያም በጭነት ላይ ሰው የሚጭን አይሱዙ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የደከመ ሰው፣ በኪሱ የሁለት ሳምንት ገንዘብ ይዞ፣ እንቅልፍ ባልጠገበ ሾፌር እጅ ሌሊቱን ይጓዛል። ይህ ከሳይቱ አጥር ውጭ ስለሆነ ማንም የግንባታ አደጋ ብሎ አይመዘግበውም። ሰዓቱን የወሰነው ግን የሳይቱ ፔይሮል ነው።

በሳይት ላይ ስላሉት ሴቶች የሚነገረው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። አሸዋ የምታመላልሰው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ብሎኬት የምትሸከመው በብዛት ሴት ናት። ለወንዱ ዋዜማ ማለት የሥራው ማብቂያ ነው። ለእሷ ሁለተኛው ፈረቃ የሚጀምርበት ነው። ሽንኩርቱን መላጥ፣ ዶሮውን ገነጣጥሎ ማጠብ፣ ቤቱን መጥረግ፣ ልጆቹን ማጠብ፣ ድፎውን መድፋት ሌሊቱን ይጨርሰዋል። በበዓል ዋዜማ ጠዋት ሳይት የምትገባው ሴት ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያልሞላ እንቅልፍ ይዛ ነው የምትገባው። በዚያ ላይ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከጓደኛዋ ጋር በባሬላ ይዛ ገና እጀታ ባልተገጠመለት ደረጃ ትወጣለች። ስለ ሴቶች የሥራ ደኅንነት ሲወራ ስለ እንቅልፍ የሚያነሣ ሰው አላጋጠመኝም፤ በበዓል ሳምንት ግን ከእንቅልፍ የሚቀድም ጉዳይ የላቸውም።

ሰው ለምን እንዲህ ሆኖ ይሠራል? መልሱ ሕጉ ውስጥ ነው። በአዋጁ መሠረት በወር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ በሕዝባዊ በዓል ባለመሥራቱ ከደመወዙ አይቀነስበትም። በሌላ መንገድ የሚከፈለው፣ ማለትም በቀን፣ በሰዓት ወይም በካሬ የሚሠራው፣ የበዓል ክፍያው በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነት የሚወሰን ነው። የተጻፈ ውል ለሌለው፣ ማኅበር ለሌለው የቀን ሠራተኛ በዓሉ ሳንቲም የማይገኝበት ቀን ነው ማለት ነው። የሚመጣውን ሚያዝያ ቁጠሩት። ስቅለት ዐርብ ሚያዝያ 2፣ የሠራተኞች ቀን ዐርብ ሚያዝያ 23፣ የአርበኞች ቀን ማክሰኞ ሚያዝያ 27። በፋሲካ ማግስት ያለውን ሰኞ ማዕዶትንም ጨምሩበት፤ ዝርዝር ውስጥ ባይኖርም በብዙ ሳይት ሥራ የለም። ቢሮ የተቀመጠው ሰው የወር ደመወዙ ሳይነካ በዓሉን ያከብራል። ሶሌታ የሚሞላው ሰው የአራት ቀን እንጀራውን ያጣል። ዓለም ሠራተኛን በሚያከብርበት በሚያዝያ 23 ቀን እንኳ የቀን ሠራተኛው ባዶ እጁን ይውላል፤ ይህን ማንም ቅን ሰው ትክክል ነው ሊለው አይችልም።

ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት የሚያጣውን አስቀድሞ ለመሙላት ይሯሯጣል። ኦቨርታይም ይለምናል፣ እሑድ ይገባል፣ ተተኪው ያልመጣለት የማታ ፈረቃ ላይ ይደርባል። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል። ዋጋውንም ይተምናል፤ በቀን 1.5 እጥፍ፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝባዊ በዓል 2.5። በበዓል ቀን በመደበኛ ሰዓት የሠራም ለእያንዳንዱ ሰዓት ከሁለት እጥፍ የማያንስ ክፍያ አለው። መልካም ሕግ ነው። በካሬ የሚሠራ ለሳኝ፣ በቃል የተቀጠረ ረዳት፣ ስሙ በካቦው ደብተር ላይ ብቻ የሰፈረ ሸካሚ ግን ይህን ስሌት የሚያሰላለት ማን ነው? እጥፍ ክፍያ የተባለውን አይቶት የማያውቅ ሠራተኛ ብዙ ነው።

ከክፍያው መጠን የከፋው ግን የክፍያው መዘግየት ነው። ሳይት ላይ ያለ ሰው «ፔይመንት አልወጣም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በደንብ ያውቀዋል። ሰንሰለቱ ረጅም ነው። ተቋራጩ የሠራውን ለክቶ ያቀርባል፣ አማካሪው መሐንዲስ ያጸድቃል፣ ባለሕንፃው ይከፍላል፣ ከዚያ ለንዑስ ተቋራጩ፣ ከንዑስ ተቋራጩ ለካቦው፣ ከካቦው ለሠራተኛው። በበዓል ሰሞን አንዱ ፈራሚ ፈቃድ ይወጣል፣ አንዱ ቢሮ በጊዜ ይዘጋል፣ ሰንሰለቱም ይቆማል። ሲቆም የሚራበው የመጨረሻው ሰው ነው። ሠራተኛው ደግሞ ያልተከፈለውን ገንዘብ ትቶ መሄድ አይችልም። ከሄደ ይቀልጥበታል ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ መወጣጫው እንደተነቃነቀ እያየ፣ ጉድጓዱ ድጋፍ እንደሌለው እያወቀ ይቆያል። ለሰው አደገኛ ሥራ አልሠራም የማለት ድፍረት የሚሰጠው በኪሱ ያለው የተከፈለ ገንዘብ ነው። ያልተከፈለ ሰው መብቱን ቢያውቅም አይጠቀምበትም።

ከሄልሜቱ በፊት ይመጣሉ ካልኳቸው ሁለተኛው ነገር «ለበዓሉ ይድረስ» ነው። ለእንቁጣጣሽ ይመረቅ፣ ለመስቀል ይለቅ፣ ለፋሲካ እንግባበት። የበዓላቱ ቀን ከዓመታት በፊት የሚታወቅ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ፋሲካን የፈለጋችሁትን ዓመት ያወጣላችኋል። በብዙ የሥራ መርሐ ግብር ላይ ግን በዓል እንደ ድንገተኛ ዝናብ ይቆጠራል። ሠራተኛው በየዓመቱ በመስከረም ለመስቀል ወደ ጉራጌ፣ ለጊፋታ ወደ ወላይታ፣ ለዮ መስቀላ ወደ ጋሞ እንደሚሄድ እየታወቀ፣ ሰው በሚሳሳበት ሳምንት ከባድ ሥራ ይመደባል።

የዚህ ሩጫ አደገኛው ክፍል በዓይን አይታይም። አርማታ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ በሰባተኛው ቀን ገና የዚያን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ቢይዝ ነው። የሶሌታውንና የቢሙን ድጋፍ ከጊዜው በፊት መፍታት ማለት ያልጠነከረ አርማታ ራሱን እንዲሸከም መፍረድ ነው። በዓል ሲቃረብ ይህ ፈተና ይበረታል፤ አጣናው ለሌላ ፎቅ ይፈለጋል፣ ሥር ያለው ክፍል እንዲጠረግ ይፈለጋል። ድጋፉን የሚያወልቀው ሰው ደግሞ ከሶሌታው ሥር የቆመው ነው። ድጋፍ የሚፈታበትን ቀን የሚወስነው መሐንዲሱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ባለቤቱም ፎርማኑም ቀኑን የማሳጠር ሥልጣን ሊኖራቸው አይገባም።

ስለ አጣና ካነሣን፣ ዘንድሮ አንድ ከባድ ትምህርት አግኝተናል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በማርያም ክብረ በዓል ጠዋት፣ በሰሜን ሸዋ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ አረርቲ ከተማ በግንባታ ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን የቆመ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞተዋል። የሞቱት ለበዓል የተሰበሰቡ ምእመናን ናቸው። በየቀኑ በእንዲህ ያለ መወጣጫ ላይ የሚውሉት ደግሞ ለሳኞቹ፣ ቀለም ቀቢዎቹና ሠዓሊዎቹ ናቸው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሚስማሩ የያዘበት ቦታ ይላላል። በዓይን ሲታይ ትናንት የነበረው ነው። ሦስትና አራት ቀን ፀሐይ ላይ ሰው ሳይወጣበት የከረመ መወጣጫ ግን የበዓሉ ዕለት ከተተወው ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ከበዓል በፊት መወጣጫው ሥር አጥር ይደረግ፣ የታችኛው ደረጃ ይነሣ፣ ማንም እንዳይወጣበት። ከበዓል በኋላ ደግሞ አናጢው አንድ በአንድ እየመታ ሳይፈትሸው ሠራተኛ አይውጣበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መዶሻና አንድ ጠዋት ነው።

በበዓሉ ቀን ሳይት ላይ የሚቀር አንድ ሰው አለ፤ ጥበቃው። ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው። ከበዓሉ በፊት የተሞላ ሶሌታ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ መጠጣት አለበት። ሠራተኛው አገሩ ሲገባ ውኃ የማጠጣቱ ሥራ የሚወድቀው በእኒህ አባት ላይ ነው። ፋሲካ ጠዋት፣ ሁሉም በየቤቱ ሲገድፍ፣ እሳቸው ጎማውን ጎትተው በመሰላል ወደ ሶሌታው ይወጣሉ። ጠርዙ ላይ መከለያ የለም፣ አርማታው ርጥብ ስለሆነ ያንሸራትታል፣ ሊፍቱ የሚገባበት ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ቢወድቁ እስከ ማክሰኞ የሚያገኛቸው የለም። ማታ ደግሞ በቆርቆሮ በተሠራችው ክፍላቸው ለብርዱ ከሰል አያይዘው በር ዘግተው ይተኛሉ፤ በተለይ በገና ሰሞን፣ የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ሲሰብር። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ይዟል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ለእኒህ አባት የሚያስፈልጋቸው ውድ ነገር አይደለም። ሁለተኛ ሰው አብሮ ይመደብ፣ አንድ ጥሩ ብርድ ልብስ ይገዛላቸው፣ ጠዋትና ማታ የሚደውልላቸው ሰው ይታወቅ። የበዓል ቀን እጥፍ ክፍያውም በመጀመሪያ የሚገባው ለእሳቸው ነው።

የማግስቱ ሥራ የራሱ አደጋ አለው። ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ወር ነው። ሳምንቱን ክፍት የከረመ የፋውንዴሽን ቁፋሮ ዝናብ ከጠጣ ግድግዳው ይከብዳል፤ በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ነው። በዓል ውሎ የመጣ ሰው ቀጥታ ጉድጓድ ውስጥ አይውረድ፤ አስቀድሞ ውኃው ይቀዳ፣ ከጫፉ ላይ የተከመረው አፈር ይራቅ፣ ድጋፉ ይታይ። መጠጡንም በግልጽ መናገር ይገባል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ጠላው፣ ጠጁና አረቄው ሲከታተል የሁለት ቀን ድካም ይተዋል። አዋጁ አሠሪውን በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ሰክሮ ወደ ሥራ የገባና ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሠራተኛ ግን ካሳውን ሊያጣ ይችላል። ወንድሞቼ፣ ያልበረደ ስካር ይዛችሁ መወጣጫ ላይ ብትወጡ የምታጡት አካላችሁን ብቻ ሳይሆን የልጆቻችሁንም መብት ነው። ፎርማኑም በማግስቱ ሠራተኛውን አሰልፎ ፊት ለፊት ይየው፤ ያልደኅነውን ሳያሳፍር መሬት ላይ ሥራ ይስጠው። ካባረረው በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ይደብቁታል።

አደጋ ከደረሰም ሕጉ የሚለውን ማወቅ ይጠቅማል። በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። ይህን ለመጠየቅ መቀጠሩን ማሳየት አለበት። በቃል ለተቀጠረ ሠራተኛ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት ይገባዋል፤ አለመስጠቱም የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። የቀን ሠራተኛ ካቦው የሚመዘግብበትን ደብተር በየሳምንቱ በስልኩ ፎቶ ቢያነሣ ኋላ ይጠቅመዋል። በሳይቱ በር ላይም በትልቁ ሁለት ቁጥር ይጻፍ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን 939።

በየበዓሉ ዋዜማ ስለ ሻማ፣ ስለ ከሰልና ስለ ትራፊክ ማስጠንቀቂያ እንሰማለን። ስለ ሳይቶች ግን ዝም ይባላል። የሥራና ክህሎት ቢሮ ተቆጣጣሪዎች ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ቢወጡና ሁለት ነገር ብቻ ቢጠይቁ፣ ደመወዝ መቼ ይከፈላል፣ በበዓሉ ቀን ሳይት ላይ ማን ይቀራል፣ ብዙ ነገር ይጋለጣል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም የሚያዝያ 23ን በዓል ሲያከብር፣ የዚያን ዕለት የማይከፈለውን የቀን ሠራተኛ የመጀመሪያ አጀንዳው ቢያደርግ ለስሙም ይስማማል።

ነገር ግን በከተማው የግለሰብ ግንባታም ብዙ ነው፤ ቤት የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ተቆጣጣሪው እናንተ ቤት ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ለእናንተ የምለው ይህ ነው። የሚመጣውን ሳምንት ክፍያ ወደ ጸሎተ ሐሙስ አምጡት፤ ባንኩ ክፍት ነው፣ ጉልባኑም በዚያው ቀን ነው። ቅዳሜ ሳይቱን ዝጉ። ከተቋራጩ ወይም ከካቦው ጋር በምትዋዋሉበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ በሕዝባዊ በዓል ቀን ለቀን ሠራተኛ የቀን ሒሳቡ ይከፈላል። አዋጁ የቀን ሠራተኛን የበዓል ክፍያ ለውል የተወው ነውና ይህችን መስመር ለመጻፍ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የፊታችን ሰኞ ጠዋት መጻፍ ትችላላችሁ።